የማይፈለጉ ጥሪዎች መዝገብ

ሀዲጃ ከምሳ ስትመለስ የኤልቤቴል ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ይርጉ ነበሩ። የአስተዳደር ኃላፊው በጸሐፊዋ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ያነባሉ።

"ኤልቤቴልስ?" አለቻቸው።

"ፋይል ላምጣ ብላ ምድር ቤት ወርዳለች። ቆየች እኮ!"

ሀዲጃ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የያዘችውን ማህደር እግረ መንገዷን ልታስቀምጥ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የደረጃው አጋማሽ ላይ አንድ እግር የሴት ጫማ አገኘች። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ከሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ ኤልቤቴል በጎኗ ወድቃ አየቻት። ጮኸች። የጥበቃው ሠራተኛ ከግቢው በር ሆኖ ሰምቶ ሮጦ መጣ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር።

ኢንስፔክተር ዳምጠው ሲደርስ የ"ቀይ ፍሬ" ቡና ላኪ ድርጅት ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ተኮልኩለው ቆመዋል። ድርጅቱ የዲላ ቅርንጫፉን የከፈተው ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። እንግዳ መቀበያውና ቢሮዎቹ ፎቁ ላይ ናቸው። የምድር ቤቱ ደረጃ የሚጀምረው ከመግቢያው ኮሪደር ነው። የገባ ሰው ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ ይችላል።

ዳምጠው ሟቿ አጠገብ በርከክ አለ። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው ብለውታል። የራስ ቅሏ ከኋላ ተመቷል፤ ከደረጃው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ደም አለ። የሹራቧን እጅጌ ከፍ ሲያደርገው ላይኛው ክንዷ ላይ ተራ በተራ የተሰለፉ አራት የጠቆሩ ምልክቶች አየ።

"ሩቂያ" አለ፤ አብራው የመጣችውን ኮንስታብል። "ይኼ የመውደቅ ነው?"

ሩቂያ እጇን አስጠግታ ጣቶቿን በምልክቶቹ ትክክል ዘረጋች። "የጣት ነው፤ ያውም ከኔ የሚበልጥ ጣት።"

*

የጥበቃው ሠራተኛ ደበበ የወናጎ ሰው ነው። አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ነው።

"ለምሳ ሁሉም ወጣ። ኤልቤቴል አልወጣም፣ እሷ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚበላ። ስልክ አለ፤ ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ ሰው ማጣት የለበትም ተብሏል። አቶ ይርጉም አልወጣም።"

"ሌላ ሰውስ ገባ?"

"አንድ ሰው ገባ። ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተሸክሟል። ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ሥራ አስኪያጁን እፈልጋለሁ አለ። ይርጋጨፌ ሄዷል አልኩት። ጸሐፊዋን ላናግር አለ፣ ገባ። አሥር ደቂቃ ቆየ፣ ወጣ።"

"ሲወጣ እንዴት ነበር?"

"ተቆጥቷል። በሩን ገጨው።"

*

አቶ ይርጉ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። ዳምጠው ቢሯቸው ውስጥ አናገራቸው።

"ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ፣ 'አቶ ይርጉ፣ ስልኩን ይጠብቁልኝ፣ የገደብን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፋይል ላምጣ' አለችኝ። ሄጄ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሀዲጃ እስክትመጣ ድረስ አልተነሳሁም።"

"አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር።"

"ላይ አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን አየው ነበር፤ በሩ ፊት ለፊቴ ነው።" አከሉበት። "አልወጣም ማለት እንግዲህ፣ ወደ ታች..."

"እርስዎ እዚያ መቀመጥዎን የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ሰው እንኳ የለም። አንድ ስልክ ግን አንስቻለሁ። መዝገቡ ላይ አለ።"

መዝገቡ ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሪማ አንድ ቀን ጠዋት ስብሰባ ላይ ሳሉ አራት ጊዜ ለሻጭ ስልክ ተጠርተው በመናደዳቸው ያስጀመሩት ነው። ልባሱ ላይ "የማይፈለጉ ጥሪዎች መዝገብ" ተብሎ ተጽፏል። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን ሊሸጥ፣ የተሰጠ መልስ። ኤልቤቴል በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሁለት ደብተር ሞልታ ሦስተኛውን ጀምራለች። የቢሮ ወንበር ሻጭ፣ የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ፣ "በመጽሔታችን ማስታወቂያ አውጡ" የሚል፣ የሕይወት መድን፣ የውሃ ማጣሪያ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ አያስፈልግም ተብሏል።

የመጨረሻው መስመር በሌላ እጅ የተጻፈ ነበር። 11/7/2000፤ 6፡40፤ ወረቀት ሻጭ ሴት፤ አያስፈልግም ተብሏል።

"ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት" አሉ አቶ ይርጉ። "ያቺ ጨቅጫቃ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ትደውላለች፤ ቢሮው ሁሉ ያውቃታል። ዛሬም እንደ ልማዷ ስትለፈልፍብኝ ቆይታ ዘጋሁባት።"

ዳምጠው ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። የእሳት ማጥፊያ ሻጩ፣ ታሪኩ የሚባል፣ ከሐዋሳ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። መጋቢት 3 ቀን ላይ ኤልቤቴል በጠባብ ፊደል እንዲህ ጽፋለች፤ "ተናደደ። መጥቼ ነው የማናግርሽ ብሎ ዘጋ።"

*

ታሪኩን በዚያው ዕለት ማምሻውን ሐዋሳ መናኸሪያ ላይ ያዙት። ቀጭን ሰው ነው፤ ቀይዋን ማጥፊያ ታቅፎ ነው ከመኪናው የወረደው።

"ገድያለሁ? ጸሐፊዋን? ፊቷን እንኳ አላውቀውም!" አለ።

"'መጥቼ አናግርሻለሁ' ብለሃታል።"

"ብያለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ አሥራ አንድ ጊዜ ተዘግቶብኛል። እኔ እኮ በዚህ ወር አንድ መሥሪያ ቤት ካላስፈረምኩ ተሰናባች ነኝ። ፊት ለፊት ስታየኝ አትዘጋኝም ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ከዚያስ?"

"ፎቅ ወጣሁ። ሰው የለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የዋጋ ዝርዝሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።"

"ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር።"

"ማንም አልነበረም።"

"ስልክስ ጮኸ?"

"ኧረ አልጮኸም!"

የዋጋ ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ አልተገኘም። ዳምጠው በማግስቱ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲመጣ የታሪኩ ከንፈር አብጦ ነበር።

"ማን ነው የነካው?" ብሎ ጠየቀ።

ተረኞቹ ወደ መዝገባቸው አቀረቀሩ። ታሪኩም ቀና ብሎ ሳያየው፣ "ወድቄ ነው" አለ።

*

ሐኪሙ ውጤቱን አርብ ከሰዓት ሰጠው። የሞተችው የራስ ቅሏ ተሰብሮ በፈሰሰው ደም ነው። ክንዷን አንድ ሰው በኃይል ይዟታል።

"ወዲያው ነው የሞተችው?"

"አይደለም" አለ ሐኪሙ። "ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራት። ምናልባትም ከዚያ በላይ። ሆስፒታሉ እኮ ከዚያ ቢሮ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው።"

የዳምጠው አለቃ ኮማንደር ተክለማርያም ሪፖርቱን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ምን ቀረህ? ዛቻ አለ፣ በአካል መጥቷል፣ ተቆጥቶ ወጥቷል። ላይ አልወጣም የሚል ምስክር አለህ፣ ምስክሩ ደግሞ በሰዓቱ ስልክ አንስቶ መዝግቧል።"

"የወረቀት ሻጯን ላግኛትና ቃሏን ልቀበል። 'ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ አቶ ይርጉ አነሳልኝ' ካለች ታሪኩ መዋሸቱ ተረጋገጠ፤ ጉዳዩን ዘጋሁት።"

"ከስልክ መሥሪያ ቤቱ የጥሪ ዝርዝር ብትጠይቅ አይቀልም?"

"ጠይቄ ነበር። ሁለት ሳምንት ጠብቅ ብለውኛል።"

"እንግዲያው እስከ ማክሰኞ።"

ዳምጠው ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ቁጭ አለ። ለታሪኩ አዝኖለት አልነበረም፤ የሚያስበው የምርመራ መዝገቡን በቶሎ ስለመዝጋት ነበር። ጣቱን በወረቀት ሻጯ መስመሮች ላይ ቁልቁል አስኬደ። የካቲት ውስጥ በየሥራ ቀኑ አለች። መጋቢት 1፣ 2፣ 3፣ ሁሉም ቀን አለች። ሰኞ መጋቢት 8 አለች። ማክሰኞ የለችም። ረቡዕም የለችም። ሐሙስ አለች፤ በአቶ ይርጉ እጅ።

"ሩቂያ፣ ነይ እስኪ። አንድ ቀን ሳትዘል የምትደውል ሴት ሁለት ቀን ጠፍታ ሐሙስ ለምን ተመለሰች?"

"ምናልባት ኤልቤቴል መመዝገብ ረስታ ይሆናል።"

"ማክሰኞ ስድስት፣ ረቡዕ አራት ሻጭ መዝግባለች። የምትረሳ ልጅ አይደለችም።"

ሩቂያ ደብተሩን ወደ ራሷ አዞረችው። "ይህቺ ሴት ስም የላትም እንዴ? ሌሎቹ ሁሉ ስም አላቸው።"

እውነቷን ነበር። ቢሮው ውስጥ ስሟን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሀዲጃን ሲጠይቋት፣ "እኛ ጨቅጫቃዋ ነው የምንላት። ኤልቤቴል ግን አንዳንዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራት እሰማ ነበር። 'እትዬ አትጠገብ' የምትላት መሰለኝ" አለች።

ሰኞ ጠዋት ሩቂያ ከተማው ውስጥ ወዳሉ ቢሮዎች ሄዳ ጸሐፊዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ያውቋታል፤ ሁሉም ስልክ ዘግተውባታል። አራተኛው ቢሮ ያለች ጸሐፊ ሳቀችና፣ "ያቺ የይርጋጨፌዋ? መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ ትላለች። ምን አጠፋች?" አለች።

*

ሱቋ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ያለች አንዲት በር ናት። ከውስጥ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ከጆሮዋ ሥር እስከ ደረቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

"ወይዘሮ አትጠገብ? ከዲላ ፖሊስ ነን።"

ሴትዮዋ ብድግ አለች። አፏን ከፍታ እንደገና ዘጋችው። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ወረቀት ስባ ጻፈችና አዞረችላቸው። "መናገር ተከልክያለሁ። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ነው። ሁለት ሳምንት።"

ዳምጠው ሳያስበው ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሐሙስ ዕለት ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ የት ነበሩ?"

"ጆሮዋ እኮ ይሰማል" አለች ሩቂያ ቀስ ብላ።

አትጠገብ መሳቢያዋን ከፍታ የሆስፒታል ካርድ አወጣች። የሐዋሳ ነው። ማክሰኞ መጋቢት 9 ተኝታለች፣ ረቡዕ ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ ቅዳሜ ወጥታለች። ሐሙስ የሚለው መስመር ላይ የነርሷ ፊርማ ሦስት ጊዜ አለ።

ዳምጠው ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ወደ ቀይ ፍሬ ቢሮ አልደወሉም? በእርስዎ ፈንታ የደወለ ሰውስ የለም?"

"በምን ድምፅ?" ብላ ጻፈች። ቀጥላም ጻፈች፤ "ለምን ኤልቤቴልን አትጠይቋትም? ሐኪሙን ያገኘችልኝ እሷ ናት። የአክስቷ ልጅ እዚያ ነርስ ነው። እኔ በስልክ የምሸጠው አንገቴ እንዳይታይ ነበር። ለእሷ ብቻ ነገርኳት። በየቀኑ አምስት ደቂቃ እናወራለን፣ ከዚያ አያስፈልግም ተብሏል ብላ ትጽፈኛለች።"

መጨረሻው ላይ ፈገግ ብላ ነበር። ዳምጠው ሩቂያን አየ። ሩቂያ መሬት መሬት ታያለች።

"ወይዘሮ አትጠገብ፣ ይቀመጡ" አለ። "ኤልቤቴል ሐሙስ ዕለት ሞታለች። ሰው ነው የገደላት።"

አትጠገብ ሁለት እጇን ፋሻው ላይ ጫነች። ልትጮህ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው። ሩቂያ ሮጣ ያዘቻት። እንባዋ ፋሻውን እስኪያርሰው አለቀሰች፤ ድምፅዋ ግን አልተሰማም። መንገደኞች በበሩ ያልፋሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ብዙ ቆይታ እስክሪብቶውን አነሳች።

"የአስተዳደሩ ሰውዬ ፋይል ክፍል ስወርድ ይከተለኛል፣ በሩን ይዘጋብኛል አለችኝ። ከገና ጀምሮ ነው። ምን ላድርግ አለችኝ። እኔ ቻይው አልኳት። ሥራ የት ይገኛል አልኳት።"

"ቻይው" የሚለው ቃል ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል።

*

ማክሰኞ ጠዋት ዳምጠው አቶ ይርጉን ቢሯቸው አገኛቸው። ሩቂያ ከጎኑ ቃል ትጽፋለች።

"ቃልዎን ልዘጋው ነው። የሐሙሷን ስልክ ብቻ አንዴ ያስረዱኝ።"

"ምን የሚያስረዳ አለው? ደወለች፣ ወረቀት አለኝ፣ እስክሪብቶ አለኝ አለች።"

"ድምፅዋ እንዴት ነበር?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ቀጭንና ፈጣን። አፏ አያርፍም። ሁለት ጊዜ አያስፈልግም ብያት ሦስተኛ ስትጀምር ዘጋሁት።"

"እርግጠኛ ነዎት እሷ ናት?"

"ኢንስፔክተር፣ ያቺን ድምፅ እንኳን እኔ በሩ ላይ ያለው ዘበኛም ያውቃታል።"

ዳምጠው ለሩቂያ ራሱን ነቀነቀላት። ሩቂያ በሩን ከፈተች። አትጠገብ በነጠላ ተሸፋፍና ገባችና ነጠላውን ከአንገቷ ገለጠችው።

"ይህቺ የወረቀት ሻጯ ናት" አለ ዳምጠው። "ሐሙስ ዕለት ሐዋሳ አልጋ ላይ ነበረች። ድምፅዋን ያውቁታል አይደል? እስኪ ያናግሯት።"

አቶ ይርጉ ፋሻውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ዳምጠውን። ከዚያ በሩን።

"ሌላ ሻጭ ትሆናለች..."

"አሁን 'እርግጠኛ ነኝ' ብለዋል፤ ተጽፏል። ስልክ አልተደወለም። ታሪኩ ላይ ወጥቶ ያየው ባዶ ወንበር ነው። የዋጋ ዝርዝሩን ከጠረጴዛው ላይ ያነሱት እርስዎ ነዎት። ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ወንበሩ ላይ ካልነበሩ የት ነበሩ?"

"ምንም አላደረግኳትም።" አቶ ይርጉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ልነጋገር ነው የወረድኩት። ስለ ደብዳቤው ልነጋገር። ክንዷን ብይዛት ተመንጭቃ ወደ ኋላ..."

"የትኛው ደብዳቤ?"

አቶ ይርጉ አፋቸውን ያዙ። ዘግይተዋል።

ሩቂያ መሳቢያውን ሳበች። ከዓመት ፈቃድ ቅጾች ሥር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ወጣ። አጠገቡ ለሁለት የታጠፈ የእሳት ማጥፊያ ዋጋ ዝርዝር ነበር።

"ስትወድቅ ትተነፍስ ነበር?" አለ ዳምጠው።

አቶ ይርጉ ደብዳቤውን ብቻ ያያሉ።

"ትተነፍስ ነበር ወይ?"

"ታጓራ ነበር" አሉ አቶ ይርጉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰው ቢመጣ ምን እላለሁ? ትናገራለች። ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ..."

"ስለዚህ ወጣህ" አለ ዳምጠው። እርስዎ ማለቱን ትቶታል። "ወጣህና ስልኩ አጠገብ ተቀመጥክ። ከሆስፒታሉ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ስልኩ እጅህ ሥር ሆኖ፣ ከአርባ ደቂቃ በላይ ጋዜጣ አነበብክ። ለእሷ አንድ ስልክ አልደወልክም፤ ለራስህ ግን ያልተደወለ ስልክ መዘገብክ።"

አትጠገብ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋችና ሰውየውን ቁልቁል አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አንገቷ ላይ መልሳ ወጣች።

*

ታሪኩ በዚያው ቀን ተፈታ። ዳምጠው ቀይዋን ማጥፊያና የጫማውን ክር ራሱ አስረከበው።

"ለመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ንጹሕ መሆንህን የሚገልጽ።"

"ሰኞ ነው ያባረሩኝ" አለ ታሪኩ። ከንፈሩ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል። "በግድያ የታሰረ ሰው ዕቃችንን ይዞ አይዞርም ብለው ላኩብኝ።"

ዳምጠው ይቅርታ ሊለው ፈልጎ ነበር። ታሪኩ ፊርማውን ፈርሞ ሳይሰናበተው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዳምጠው ሥራ አስኪያጁን አቶ ገሪማን አገኘ። ደብዳቤውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጠው። ማክሰኞ መጋቢት 9 የተጻፈ ነው። ለሥራ አስኪያጁ፣ ከኤልቤቴል ጅግሶ። ከዳሩ በአረንጓዴ ቀለም አንድ መስመር ተጽፎ ተፈርሞበታል።

"ይህ የእርስዎ እጅ ነው?"

"አዎ..." አቶ ገሪማ መነጽራቸውን አወለቁ። "ረቡዕ ማታ ለጉዞ ስዘጋጅ ብዙ ወረቀት ፈረምኩ። አላነበብኩትም። ርዕሱ 'አቤቱታ' ይላል፤ የሠራተኛ አቤቱታ ሁሌም የሚሄደው ወደ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

"ሐሙስ ጠዋት ደረሰው" አለ ዳምጠው። "በምሳ ሰዓት ተከትሏት ወረደ።"

"በዚህ እኔን ይጠይቁኛል?"

ዳምጠው ሕጉን ያውቀዋል። ሳያነብ የፈረመን ሰው የሚይዝበት አንቀጽ የለውም።

"አልጠይቅዎትም" ብሎ ወጣ።

*

የኤልቤቴል አባት አቶ ጅግሶ ረቡዕ ጠዋት ከባንኮ ጎቲቲ መጣ። ልጁን ቅዳሜ ቀብሯል። ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣጥፎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳምጠው ፊት ተቀመጠ።

"ሰውየው ተይዟል፣ አምኗል" አለው ዳምጠው። "አባባ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው..."

"ሰማሁ። ሀዲጃ ነገረኝ።" አቶ ጅግሶ አማርኛውን ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። "ልጄ ደብዳቤ ጽፏል አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ቅጂው እዚህ አለ።"

"እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም። እሷ ነው ሁልጊዜ የሚያነብልኝ። አንብብልኝ።"

ዳምጠው ማንበብ አልፈለገም። ሩቂያን ሊጠራ አሰበና ተወው። ወረቀቱን ብርሃን ወዳለበት አዞረው።

"'ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። እኔ ሠራተኛዎ ኤልቤቴል ጅግሶ ይህን የምጽፈው አፍሬ፣ ብዙ ጊዜ አስቤ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ይርጉ ምድር ቤት ስወርድ እየተከተሉኝ፣ በር እየዘጉብኝ፣ እምቢ ስል ከሥራ አስወጣሻለሁ እያሉኝ ነው። ከዚህ በፊት በቃል ልነግርዎ ሦስት ጊዜ በርዎ ላይ መጥቼ ሥራ በዝቶብዎ ተመልሻለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። እንዲባረሩ አልጠይቅም። ፋይል ስፈልግ ብቻዬን እንዳልወርድ ወይም የምድር ቤቱ ቁልፍ ከእኔ ዘንድ እንዲሆን ብቻ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።'"

አቶ ጅግሶ እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም።

"ቁልፍ ነው የፈለገ" አለ።

"አዎ።"

"ሌላ ነገር አልጠየቀም።"

"አልጠየቀችም።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በጣቱ የወረቀቱን ዳር ነካ። "ይሄስ? ይሄ ሌላ ሰው ነው የጻፈ። ፊደሉ አይመሳሰልም።"

"ሥራ አስኪያጁ ናቸው።"

"ምን ይላል?"

"'ለሚመለከተው ክፍል ይመራ፣ አስፈላጊው ይደረግ' ይላል።"

"የሚመለከተው ማን ነው?"

"የሠራተኛ አቤቱታ የሚሄደው ወደ አስተዳደር ነው።"

"አስተዳደር ማን ነው?"

ውጭ የገደብ አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። ዳምጠው አውቶቡሱ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሲያልፍ ግን ጥያቄው እዚያው ነበር።

"ይርጉ" አለ።

"እሱ ራሱ?"

"እሱ ራሱ።"

አቶ ጅግሶ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዳምጠው ይጮሃል፣ ይራገማል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሽማግሌው ግን ወንበሩን ትንሽ ወደ ፊት ሳበ።

"እንደገና አንብብልኝ" አለ። "ያን የዳሩን ግን ተወው። የሷን ብቻ።"

ዳምጠው ወረቀቱን አነሳና ከላይ ጀመረ።